የፓምፑ ሲም ካርድ

ለ፦ በመሀል አዲስ አበባ ፓምፕ፣ ጄኔሬተር፣ አሳንሰርና የመሳሰለውን ማሽን ለሚያስገዙ፣ ለሚረከቡና ለሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶችና ባለሕንፃዎች

ጉዳዩ፦ በማሽኖቻችን መቆጣጠሪያ ውስጥ ስላለው የሶፍትዌር ክፍተት

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ከረማችሁ።

እኔ የኮንትሮል ፓነል ሠራተኛ ነኝ። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከለገሃር እስከ ካዛንቺስ ባሉ ሕንፃዎች ምድር ቤት ስገባ ስወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ፓምፕ እምቢ ሲል ይደውሉልኛል። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ አልነሳ ሲል ይደውሉልኛል። አሳንሰር ሰው እንደያዘ መሀል ላይ ሲቆምማ ሌሊትም ይደውሉልኛል።

ዛሬ ግን ማንም ሳይደውልልኝ ነው የምጽፍላችሁ።

ባለፈው ክረምት ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ አንድ ሕንፃ ተጠራሁ። ውኃው ከምድር ቤቱ ታንከር ወደ ጣሪያው ሮቶ አልወጣ ብሏል። የጥገናው ኃላፊ አንድ ጋሼ ናቸው፤ ሕንፃው ከተመረቀ ጀምሮ እዚያው አሉ። ፓነሉን ከፈቱልኝ። መዳፍ የምታህል ስክሪን አለች። ፓስወርድ ጠየቀችኝ።

“አራት ጊዜ አንድን ንካ፣ ልጄ” አሉኝ።

ነካሁ፤ ከፈተች። ችግሩ ቀላል ነበር። የታንከሩን የውኃ መጠን የሚያነበው ሴንሰር ሽቦው ላልቷል። አጠበቅኩት፤ ፓምፑ ተነሳ። ፓነሉን ልዘጋ ስል ጥግ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል አየሁ። ሲም ካርድ የሚገባባት ሞደም ናት።

“ይቺስ ምንድን ናት፣ ጋሼ?”

“እሷማ የፓምፑ ስልክ ናት። ሲገጥሙ የነበሩት ልጆች ናቸው ያስገቧት። ከቢሯቸው ሆነው ለማየት ነው ብለው።”

“አሁንም ያያሉ?”

“ኧረ ከመጡ አራት ዓመት አለፋቸው። ድርጅቱም መኖሩን እንጃ።”

“ታዲያ ካርድ ማን ይሞላላታል?”

“ሒሳብ ክፍል።”

ወደ ሒሳብ ክፍል ወጣሁ። እውነት ነው። ገንዘብ ያዧ በየወሩ ፓኬጅ ትገዛላታለች። ደብተሯ ላይ “የፓምፕ ስልክ” ብላ ትመዘግባለች። ለምን እንደሆነ አታውቅም። ከእሷ በፊት የነበረችውም እንደዚያው ታደርግ ነበር። በእሷ አልፈርድም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ስለዚያች ሞደም በየወሩ የምታስታውስ ብቸኛዋ ሰው እሷ ናት።

ማታ ቤቴ ገብቼ የመቆጣጠሪያውን ሞዴል ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። አምራቹ ሶፍትዌሩ ላይ ክፍተት፣ ማለትም ያልተፈቀደለት ሰው ሊገባበት የሚችል ስህተት፣ እንዳለ ካሳወቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ክፍተቱን የሚዘጋውን አፕዴትም በነፃ አውጥቷል። ወሬው ዓለምን ዞሯል፤ እዚያ ምድር ቤት ግን አልደረሰም። ለማን ይድረስ? ጋሼ ኤሌክትሪክ እንጂ ሶፍትዌር ሥራቸው አይደለም። ገንዘብ ያዧ ሞደሟን አይታት አታውቅም። የገጠመው ድርጅት ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ሕንፃው ውስጥ ምን ዓይነት መቆጣጠሪያ እንዳለ የሚገልጽ አንዲት ወረቀት የለም።

በማግስቱ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኳቸው። “እየሠራ ያለን ነገር ምን አስነካህ?” አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ፊታቸው ተለወጠ። “ቆይ፣ አንተ እንዴት ልትገባ ቻልክ?” ለፓምፕ ጠርተውኝ እንደ ሌባ አዩኝ። ያ አስተያየት እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንዳሳሰበኝ ላስረዳ። ድሮ ፓነል ሲከፈት ኮንታክተር፣ ሪሌይና ሽቦ ነው። ዛሬ መሀሉ ላይ ትንሽ ኮምፒውተር አለች። ፒኤልሲ እንላታለን። ፓምፑን የምታስነሳው፣ የምታቆመው፣ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩን የምትጠራው እሷ ናት። ሰንጋ ተራ ላይ ባንኮቹ ያቆሟቸው ረጃጅም ሕንፃዎች፣ ኮሪደሩ ላይ የተሠሩት ፏፏቴዎች፣ ሁሉም ሆድ ዕቃቸው ይኸው ነው። የከተማ ውኃ ማጣሪያውም፣ የሲሚንቶ ፋብሪካውም፣ የግድቡ ተርባይንም የሚታዘዘው የእነዚህ ወንድም በሆነ ዕቃ ነው። እኔ የማውቀው የሕንፃውን ነው። የምጽፈውም ስለማውቀው ነው።

ኮምፒውተር ከሆነች ደግሞ እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር ሶፍትዌሯ ላይ ስህተት ይገኛል። ልዩነቱ ስልካችን አፕዴቱን ራሱ ይጠይቀናል። ፒኤልሲ ግን ምንም አትልም። አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ዝም ብላ ትሠራለች።

እነዚህ መቆጣጠሪያዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሞድባስ የሚባል ቋንቋ አለ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ዛሬም ከምከፍታቸው ፓነሎች ብዙዎቹ ውስጥ አገኘዋለሁ። ይህ ቋንቋ “ማን ነህ?” ብሎ አይጠይቅም። ፓምፑን አጥፋ የሚል መልእክት ከደረሰው ያጠፋል፤ አበቃ። የሠሩትን ሰዎች ማማት ልክ አይሆንም። በእነሱ ጊዜ ሽቦው ከአንድ ግቢ አይወጣም ነበር፤ ጠያቂ አያስፈልገውም። በኋላ ሲም ካርድ ያስገባንበት እኛ ነን።

“ኧረ ማን ከእኛ ፓምፕ ጋር ጉዳይ አለው?” ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 አሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ አሊኩዊፓ በምትባል ትንሽ ከተማ የሆነውን ስሙ። የውኃ ግፊት የሚጨምርላቸው አንድ ፓምፕ ጣቢያ ነበራቸው። የሚመራው ዩኒትሮኒክስ በሚባል የእስራኤል ኩባንያ መቆጣጠሪያ ነው። አንድ ቀን ስክሪኑ ተጠልፋችኋል፣ የእስራኤል ዕቃ ሁሉ ዒላማችን ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ። የአሜሪካ መንግሥት በኋላ ጠላፊዎቹ ከኢራን አብዮታዊ ዘብ ጋር የተያያዙ ናቸው አለ። አሊኩዊፓ ምንም አላደረገቻቸውም። ስሟንም ሰምተው ላያውቁ ይችላሉ። የፈለጉት ዕቃውን ነው፤ ዕቃው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ሆኖ ነበር። ያ መቆጣጠሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት የሚመጣው ፓስወርድ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? 1111።

ያንን ሳነብ የጋሼ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። የሜክሲኮው ዕቃ የሌላ ፋብሪካ ነው። ፓስወርዱ ግን ያው ነው።

የሩቅ አገር ጠላፊ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 አውስትራሊያ፣ ማሩቺ በሚባል አካባቢ፣ የፍሳሽ ማስወገጃው ፓምፖች ያለምክንያት ይቆሙ፣ ማንቂያዎቹ ዝም ይሉ ጀመር። 800,000 ሊትር ገደማ ያልተጣራ ፍሳሽ መናፈሻና ወንዝ ውስጥ ፈሰሰ። በመጨረሻ የተያዘው ሲስተሙን የገጠመው ድርጅት የቀድሞ ሠራተኛ ነው። ሥራ ጠይቆ ተከልክሎ ተቀይሞ ነበር። መኪናው ውስጥ ሬድዮና ላፕቶፕ ይዞ ፓምፖቹን ሲያዝዝ ከረመ። እንደ እኔ ያለ ባለሙያ ማለት ነው። ልዩነታችን ጠባያችን ላይ እንጂ የምናውቀው ፓስወርድ ላይ አይደለም። የእናንተ ውኃ በእኔ ጠባይ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ሌላው የምሰማው መልስ “የእኛ ኢንተርኔት ላይ የለም” የሚል ነው። የኢራኑ ናታንዝ የዩራኒየም ማበልፀጊያም ኢንተርኔት ላይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተገኘው ስታክስኔት የሚባለው ቫይረስ ግን በፍላሽ ጭምር የሚዛመት ነበር። ገብቶ ሴንትሪፊዩጆቹን ከልካቸው ውጪ ሲያሽከረክር፣ ሠራተኞቹ የሚያዩት ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ፍላሽ ደግሞ እኛ ጋ ምን ያህል እንደሚዞር አትጠይቁኝ። ዶክመንት የሚታተምበት፣ መዝሙርና ዘፈን የሚጫንበት ፍላሽ ፓነል ውስጥ ሲሰካ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ሙያ ጓደኞቼና ስለ ራሴ የሚከብደኝን ልናገር።

ፓነል የሚገጥሙ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙን ቆልፈው ይሄዳሉ። ፓስወርዱን ለባለቤቱ አይሰጡም። ነገ ሲበላሽ ሌላ ሰው እንዳይጠራ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ደንበኛ እንዳይሸሸኝ ብዬ ሦስት ሕንፃ ላይ ቆልፌ ወጥቻለሁ። ትክክል አልነበረም። ዘንድሮ ሦስቱንም ደውዬ ፓስወርዱንና የፕሮግራሙን ኮፒ ሰጥቻቸዋለሁ። አንደኛው ባለቤት “ለካ አልተሰጠንም ነበር?” ነው ያሉኝ። ሕንፃውን ገዝተው፣ ሂሳቡን ከፍለው፣ ያልተሰጣቸው ነገር እንዳለ እንኳ አያውቁም ነበር።

የተቆለፈ ፓነል ምን ያመጣል? ገጣሚው ይጠፋል። ፓምፑ ይቆማል። የሚጠራው ልጅ ፓስወርዱን አያውቅም። ተከራዮቹ ውኃ አጥተው ይጮኻሉ። ልጁ ላፕቶፑን ያወጣና የፒኤልሲ ፓስወርድ የሚሰብር፣ ክራክ የሚባል ሶፍትዌር ያወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 ድራጎስ የሚባል የኢንዱስትሪ ሳይበር ደህንነት ኩባንያ አንዱን ክራክ ፈትሾ ያገኘውን አውጥቷል። ክራኩ ዳይሬክትሎጂክ የሚባለውን ፒኤልሲ ፓስወርድ እውነትም ያወጣል። የሚያወጣው ግን በብልሃት ሰብሮ አይደለም፤ ዕቃው ላይ ባለ የሶፍትዌር ክፍተት ገብቶ ነው። በዚያው ሳሊቲ የሚባል ቫይረስ ላፕቶፑ ላይ ይጭናል። ልጁ ደስ ብሎት ፓምፑን አስነስቶ ይሄዳል። ላፕቶፑ ግን ነገ ሌላ ሕንፃ ይገባል። የእኔ ላፕቶፕ በሳምንት አራት አምስት ምድር ቤት ይገባል። አንድ ፓስወርድ በፖስታ ታሽጎ ለባለቤቱ ቢሰጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

እውነቱን ለመናገር የሥራ አስኪያጁም ፍርሃት ከንቱ አይደለም። እየሠራ ያለ ማሽን ላይ አፕዴት መጫን ስልክ ላይ እንደመጫን አይደለም። ፓምፑ መቆም አለበት። ሲጫን መብራት ቢሄድ መቆጣጠሪያው ላይነሳ ይችላል። ፕሮግራሙ ቢጠፋና ኮፒ ባይኖር ከዜሮ ነው የሚጻፈው። ፋብሪካ ከሆነማ የአንድ ሰዓት ማቆም ብዙ ብር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ፣ ክፍተቱን የሚዘጋው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። ሬኖ የሚባለው የመኪና ኩባንያ አንዳንድ ፋብሪካዎቹን እስከማቆም ደርሷል። ባለሙያ ያላቸው፣ ገንዘብ ያላቸው እንኳ ይዘገያሉ። ስለዚህ “ነገውኑ ሁሉንም አፕዴት አድርጉ” አልላችሁም። እንዲህ የሚል ሰው ምድር ቤት ወርዶ አያውቅም።

የምለምናችሁ ሌላ ነገር ነው። ወሬው የሚደርስበት አድራሻ ይኑር።

ይህ የሚጀምረው ግዥ ላይ ነው። ሻጭ ስልኩን በደንብ የሚያነሳው የመጨረሻው ክፍያ እጃችሁ ላይ እያለ ነው። ሪቴንሽኑ፣ ማለትም ይዛችሁ ያቆያችሁት ቀሪ ክፍያ፣ ከተለቀቀ በኋላ ልመና ነው። እናም የጨረታ ሰነዱ ላይ ከፈረስ ጉልበቱና ከዋስትናው ጎን ይጻፍ። የእያንዳንዱ መቆጣጠሪያ ሞዴልና የሶፍትዌር ቁጥር ዝርዝር ይሰጠን። ፓስወርዱ ሁሉ ከፋብሪካ ከመጣው ተቀይሮ፣ በፖስታ ታሽጎ ይሰጠን። የፕሮግራሙ ኮፒ ይሰጠን። ከውጭ የሚገባ ሞደም ካለ በግልጽ ይነገረን፤ የሚበራው እኛ ስንፈቅድ፣ ጥገናው ሲያልቅ የሚጠፋ ይሁን። ክፍተት ሲገኝ አቅራቢው በጽሑፍ ያሳውቀን፤ ለስንት ዓመት እንደሚያሳውቅም ይፈርም። ይህ ሳይሟላ የመጨረሻ ርክክብ አይፈረም። የበር ቁልፍ ሳይሰጠው ቤት የሚረከብ ሰው አለ?

አቅራቢዎች ይህን አንችልም ቢሉ አትመኑ። የአውሮፓ ኅብረት የሳይበር ደህንነት ሕግ አውጥቷል። እዚያ ገበያ ላይ ሶፍትዌር ያለበት ዕቃ የሚሸጥ አምራች፣ በተግባር እየተጠቃበት ያለ ክፍተት ሲያውቅ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። ይህ ግዴታ የሚጀምርበት ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2026 ነው፤ በእኛ የ2019 እንቁጣጣሽ ማለት ነው። ክፍተት የመዝጋቱ ኃላፊነትም ከጥቂት ዕቃዎች በቀር ቢያንስ ለአምስት ዓመት ነው፤ ይኸኛው እ.ኤ.አ. ከ2027 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራ ነው። እኛ ጋ ከሚመጣው መቆጣጠሪያ ውስጥ ከእነዚያው ፋብሪካዎች የሚወጣ አለ። እዚያ በሕግ የሚያገኙትን እኛ በውል እንጠይቅ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ብዙ ፓነል ላይ እጅ፣ ዜሮ፣ አውቶ የምትል ማዞሪያ አለች፤ ኮምፒውተሯን ትተን ፓምፑን በእጅ የምናስነሳባት ናት። አዳዲሶቹ ላይ እየጠፋች ነው፤ ሁሉም ነገር ስክሪን ውስጥ እየገባ ነው። አታስወጧት። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2015 ዩክሬን ውስጥ የመብራት ኃይል ሠራተኞች ማውዛቸው በራሱ እየተንቀሳቀሰ ብሬከር ሲከፍት ቁጭ ብለው አይተዋል። 225,000 ገደማ ደንበኛ መብራት ጠፋበት። በሰዓታት ውስጥ የመለሱት በመኪና ወደየጣቢያው እየሄዱ በእጃቸው ነው። አሊኩዊፓም ወዲያው ወደ እጅ ቀይራ ነው ያመለጠችው። የሜክሲኮው ጋሼ ያንን ፓምፕ ዓይናቸውን ጨፍነው በእጅ ያስነሱታል። በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ይወጣሉ። የሚተካቸው ልጅ አጠገባቸው ቆሞ እንዲማር አሁኑኑ ይቀጠር።

የመጨረሻው ሥራ አስኪያጁ ያን ቀን እንደ ሌባ ስላዩኝ ነገር ነው። አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን ወንጀል ያደርጋል። ቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። ተገቢ ሕግ ነው። ነገር ግን ፓምፕ ሊጠግን ተጠርቶ ክፍተት ያየ ልጅ “ብናገር እኔው እጠየቅ ይሆን?” ብሎ ዝም ካለ ማናችንም አንጠቀም። ዝም የሚሉ አውቃለሁ። ጎበዝ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በአክብሮት የምጠይቀው አለ። በሥራው ላይ ክፍተት አይቶ፣ ምንም ሳይነካ፣ በቅንነት ያሳወቀ ባለሙያ እንደማይከሰስ በጽሑፍ ይነገረው። የት ደውሎ፣ ለማን እንደሚናገር የምድር ቤት ቴክኒሻን በሚገባው አማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ። ፓነሉ በር ላይ ቢለጠፍማ እንዴት ደስ ባለኝ።

ከሜክሲኮው ሕንፃ ሥራ አስኪያጅ ጋር በኋላ ተግባብተናል። ቡና ጋብዘውኝ “ያን ቀን አስቀየምኩህ” አሉኝ። ፓስወርዱ ተቀይሯል። ሲም ካርዷ ወጥታ ገንዘብ ያዧ መሳቢያ ውስጥ ናት። አፕዴቱ ግን እስከዛሬ አልተጫነም። የፕሮግራሙ ኮፒ የለንም፤ ያለ ኮፒ መሞከር ሕንፃውን ውኃ ማሳጣት ነው። የገጠመውን ድርጅት እየፈለግን ነው። ውሉ ላይ ያለው ስልክ አይሠራም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የኮንትሮል ፓነል ሠራተኛ
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር
ለግዥና ለንብረት ክፍል ኃላፊዎች በሙሉ